እንጆሪው አልለቅ ያለ ሽቶ

እኔ እንጀራዬን የምበላው በአፍንጫዬ ነው። ጎፋ፣ ኮንዶሚኒየሞቹ ሥር ካሉት ሱቆች በአንዷ ውስጥ ሽቶ እሸጣለሁ። ሱቄ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው በር ላይ ቆሞ ተራ የሚጠብቅባት ዓይነት ናት። ስሜ አስቴር ነው፤ ደንበኞቼም ባሌም አስቱ ይሉኛል። ቁጭ ብሎ መጠበቅ የሚባል ነገር አልተፈጠረልኝም። እናቴ "መቀመጫሽ ላይ እሾህ አለ እንዴ?" እያለች ነው ያሳደገችኝ። እሾኹ ዛሬም አልተነቀለም።

በዚያ ሰሞን ከሳሪስ እስከ ጀሞ ያለች ሴት ሁሉ የምትቀባው አንድ ሽቶ ነበር። ካርቶኑ ላይ ያለውን የፈረንጅ ስም በትክክል የሚጠራው ሰው ስላልተገኘ እኛ "ኬኳ" ብለናት ቀረን። ስለ ኬኳ ትንሽ ልንገራችሁ፤ የነገሩ ቋጠሮ እዚህ ላይ ነውና።

ስትረጭ መጀመሪያ የሚመጣው ፍራፍሬው ነው። እንጆሪ እንጆሪ ይላል፣ ከኋላው ደግሞ የበሰለ ኮክ አለ። አፍ ውኃ ያስሞላል። ይህ ግን ዕድሜው አጭር ነው፤ አንድ ማኪያቶ አዝዛችሁ ጠጥታችሁ እስክትወጡ ቢቆይ ነው። ከዚያ ፍራፍሬው ቀስ እያለ ይለቅና ክሬሙ ይወጣል፤ የልደት ኬክ ሲቆረስ ቤቱን የሚሞላው ዓይነት ሽታ። ከሰዓት በኋላ የሚቀረው ቫኒላና ትንሽ እርር ያለ ስኳር ብቻ ነው። እሱ ግን በዋዛ አይለቅም። ሹራብ ላይ ካረፈ ታጥቦም ይገኛል።

ለዚህ ነው ሱቄ የመጣችን ሴት እጇ ላይ ረጭቼላት ወዲያው እንድትገዛ የማልፈቅደው። "ሂጂ፣ ገበያሽን ዞረሽ ነይ፤ ያኔም ከወደድሽው ትወስጂዋለሽ" እላታለሁ። ሽቶ ገና ሲረጭ ሽማግሌ እንደላከ ሙሽራ ነው፤ ቃል የማይገባው ነገር የለም። ጠባዩ የሚታወቀው ቆይቶ ነው።

ባሌ ማርቆስ የሚኒባስ ታክሲ ሹፌር ነው፤ ከጎፋ ፉሪ ይሠራል። የሆሳዕና ልጅ፣ እንደኔው ጴንጤ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። መሪ ጨብጦ ሲሳደብ ሰምቼው አላውቅም። ሌላ ሹፌር መንገድ ሲዘጋበት "ጌታ ይባርክህ" ይለዋል፤ እርግጥ አባባሉ ከስድብ የሚብስበት ቀን አለ።

ይህ ሰው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተለወጠብኝ። ከሳ። ቀበቶው ላይ በሚስማር አዲስ ቀዳዳ በሳ። ወንድ ልጅ አግብቶ ከተደላደለ በኋላ ድንገት ሸንቀጥ ሲል፣ ለማን ብሎ ነው? ስጠይቀው "ጨጓራዬ ነው" ይለኛል። አዲስ አበባ ውስጥ በጨጓራ የማይመካኝ ነገር እንደሌለ መቼም ታውቃላችሁ። ደግሞ ሌሊት ይነሳል። የምንኖረው ነፋስ ስልክ፣ ግቢ ውስጥ ተከራይተን ነው፤ ሽንት ቤቱ ውጪ ነው። በተነሳ ቁጥር ስልኩን ይዞ ይወጣል። አንዴ ቢሆን ምንም አይደል። እሱ ግን ይመለስና ትንሽ ተኝቶ እንደገና ስልኩን አንስቶ ይወጣል። እኔ ብርድ ልብሱ ውስጥ ዓይኔን አፍጥጬ "በዚህ ሰዓት ስልክ የሚያስይዝ ምን ጉዳይ አለው?" እያልኩ ምልልሱን እቆጥራለሁ።

ዓርብ አመሻሽ ላይ ከሥራ ገባና ጉንጬን ሳመኝ።

እንጆሪ።

ቆሜ ቀረሁ። እንጆሪ፣ ከኋላው የበሰለ ኮክ። ከእኔ መደርደሪያ ላይ የወረደ ያህል አወቅሁት።

"ዛሬ ጋቢና ማን ተቀመጠ?" አልኩት።

"ሰው ነዋ። ምን ማለትሽ ነው?"

"ሴት ነው ወንድ?"

"አስቱ፣ ደክሞኛል። እባክሽ ውኃ ስጪኝ።"

ጆኩን ከእጄ ተቀብሎ ብርጭቆም ሳይፈልግ ጨለጠው። ከዚያ ሸሚዙን አውልቆ ወንበር ላይ ጣለና ሊታጠብ ወጣ። እኔ ሸሚዙን አንስቼ አሸተትኩ። ናፍጣ ነው፣ ላብ ነው፣ የተሳፋሪ ጭንቅንቅ ነው። ኬኳ የለችም። አንገትጌው ላይ የለችም፣ ደረቱ ላይ የለችም፣ እጅጌው ላይ የለችም። ገለባበጥኩት፤ ምንም። እንግዲህ ሽታው ያለው ፊቱ ላይ ነው ማለት ነው። ከፊቱም አፉ አካባቢ። ሴት አቅፋው ቢሆን ሸሚዙ ላይ ባገኘሁት፤ ይህቺ ግን ስማው ነው የላከችው። ፍራፍሬውም ገና አለመልቀቁ የተቀባችው እሱን ልታገኝ ስትል እንደሆነ ይናገራል።

ይኸው ነው፤ የሽቶ ነጋዴ ቅናት እንዲህ ያለ ነው። ሌላዋ ሚስት ስልክ ትበረብራለች፤ እኔ በአፍንጫዬ ሴትየዋን ልደርስባት ምንም አልቀረኝም።

ራት አልበላም። "ያቅለሸልሸኛል" ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። "የሌላ ቤት ራት ጠግበህ ነዋ" ልለው አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። ማስረጃ ሳልይዝ አልናገርም ብዬ ከራሴ ጋር ተማማልኩ።

ቅዳሜ እንደ ልማዱ ጎህ ሳይቀድ ወጣ። እኔም ሱቄን ከፈትኩ፤ መክፈት ከተባለ። አንዷን ደንበኛ የወንድ ሽቶ ረጨኋት። ሌላዋን መልስ ሳልሰጣት ሸኝቻት ከመንገድ ተመልሳ ጮኸችብኝ። ጠርሙሶቹን ከላይኛው መደርደሪያ ወደ ታች አወረድኳቸው፣ መልሼ ወደ ላይ ሰቀልኳቸው። መጨረሻ ላይ፣ ከምሳ ሰዓት በኋላ፣ ስልኬን አንስቼ ጋሽ ግርማ ጋ ደወልኩ።

ጋሽ ግርማ የማርቆስ ረዳት ነው። ረዳት ስላችሁ ልጅ እግር እንዳይመስላችሁ፤ ሸበቶ፣ የልጆች አባት፣ ድምፁ ጡሩንባ የሆነ ሰው ነው። እሱ "ፉሪ! ፉሪ!" ሲል ጎፋ ላይ ያለው ቀርቶ ፉሪ ያለው ይሰማዋል።

"ጋሽ ግርማ፣ እውነቱን ንገረኝ። ማርቆስ የት ነው የሚገባው?"

"የት ይገባል? ሥራ ላይ ነን እኮ።"

"ጋሽ ግርማ!"

ከኋላው የመኪና ጡሩንባ ይሰማኛል።

"እኔ በሰው ትዳር መሀል አልገባም" አለ።

"ገብተሃል። ተናገር።"

"ፉሪ፣ መጨረሻው ላይ ጁስ ቤት አለች። የጫልቱ ጁስ ቤት። በደረስን ቁጥር ወርዶ እዚያ ይገባል። አንዳንዴ እንዲያውም በጓሮ በኩል ወደ ግቢያቸው ያልፋል። እኔ ምን ብዬ እጠይቀዋለሁ? ተራ አለፈን እያልኩ እጮሃለሁ እንጂ።"

"ቆንጆ ናት?"

"አንቺ ልጅ፣ ተይ እንጂ..."

"ቆንጆ ናት ወይ?"

"ናት። ስሚኝ ግን፣ ዛሬ ማርቆስ ልክ አይ..."

ዘጋሁበት። የምፈልገውን ሰምቻለሁ፤ ከ"ናት" በኋላ ያለው አላስፈለገኝም። ያቺን ዓረፍተ ነገር እንኳ እንዲጨርስ ብፈቅድለት ምን ነበረበት?

ወደ ፉሪ በሌላ ታክሲ ሄድኩ። ጋቢና ተቀምጬ መንገዱን ሙሉ የምላትን ስደረድር ነበር። "የሰው ባል ጁስ መሰለሽ?" የሚለው ጥሩ መሰለኝ። ጮክ ብዬ ተናግሬው ኖሮ ሹፌሩ ዞር ብሎ አየኝ። "ወደ ፊት እይ!" አልኩት። ምስኪን ሰው፣ እሱን ምን አድርግ ነው የምለው?

ጁስ ቤቷ ፉሪ ጫፍ ላይ፣ ድሮ የገበሬ ቤት በነበረ ግቢ ፊት ለፊት የተቀጠለች ክፍል ናት። ዙሪያዋን ፎቅ እየተሠራ ነው። ግቢው ውስጥ ግን ገና ላሞች አሉ፤ አንዷ በአጥሩ ቀዳዳ አሻቅባ ታየኝ ነበር። ሴትየዋ ባንኮኒው ጀርባ አቮካዶ እየላጠች ነው። ጋሽ ግርማ አልዋሸም። ረጅም፣ ፍንጭት፣ ሽርጥ እንኳ የሚያምርባት ሴት ናት።

"ምን ልስጥሽ?" አለችኝ።

"የማርቆስ ሚስት ነኝ" አልኳት። የደረደርኩት ስድብ ሁሉ የት እንደገባ እንጃ።

ትደነግጣለች ብዬ ነበር። እሷ ቢላዋዋን ጥላ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ከባንኮኒው ጀርባ ወጣች።

"ውይ! አንቺ ነሽ? ኧረ ነይ፣ ኧረ ተቀመጪ!"

አቅፋ ጉንጬን ስትስመኝ ደሜ ፈላ። ኬኳ! ራሷ ኬኳ፣ አንገቷ ሥር።

"ይቺን ሽቶ ከየት አመጣሻት?"

"እህቴ ናት ከጎፋ የገዛችልኝ። ደስ ይላል አይደል?"

"መቼ ተቀባሻት?"

"ጠዋት፣ ቤት ስከፍት። ምነው?" ፈገግታዋ ትንሽ ደብዘዝ አለ።

"ባሌ እዚህ ምን ይሠራል?"

"ምን ይሠራል?" ገርሟት አየችኝ፤ ከዚያ ሳቋ አመለጣት። "ይጠጣል፣ ይሸናል! ሌላ ምን ይሠራል? መጀመሪያ የመጣው ሽንት ቤት ፈልጎ ነው። ሹፌር ሰው የት ይሂድ? በጓሮ የአባቴ ግቢ አለ፣ ግባ አልኩት። ከዚያ ጁስ ስጪኝ ይላል። አንዱን ይጠጣል፣ ሌላ ይላል፣ ስኳር ጨምሪበት ይላል። ወዲያው ደግሞ ወደ ሽንት ቤት! ያ ዋቅ! የአባቴ ላሞች እንኳ እንዲህ አይጠጡም። አሞሃል እንዴ ስለው፣ ጨጓራዬ ነው ይለኛል። ለጨጓራ አናናስ ይጠጣል እንዴ?"

እሷ ቀጠለች።

"አንቺን ደግሞ እናማሻለን፤ ይቅር በይን። ሚስቱ ሽቶ ትሸጣለች አሉ፣ ባሏን ረጭታ ነው የምትልከው እያልን እንስቃለን።"

"የቱን ሽቶ?"

"ያንን ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚለውን። ጠዋት ሲመጣም ይላል፣ ከሰዓት ሲመጣም ይላል። ጎበዝ፣ አይለቅም።"

አይለቅም?

የጫልቱን እጅ ሳላስፈቅድ ያዝኩና አንጓዋን አፍንጫዬ ላይ አደረግሁት። ቫኒላ ነው። እርር ያለ ስኳር ነው። እንጆሪው ከሄደ ቆይቷል፤ ክሬሙም አልቋል። እንደ ሕጉ ነው፤ ጠዋት የተቀባች ሴት በዚህ ሰዓት የሚቀርላት ይኸው ነው። ባሌ ከዚህች ሴት አንዳች ነገር ይዞ መጥቶ ቢሆን ኖሮ ዓርብ ማታ የሳመኝ ቫኒላ በሆነ። ቫኒላ ደግሞ ጨርቅ አይለቅም፤ ሸሚዙ ላይ ባገኘሁት። ሸሚዙ ባዶ ነበር። ጠዋትም ከሰዓትም ማታም እንጆሪ የሚል ሽቶ እኔ አላውቅም። እንዲህ የሚቆይ ፍራፍሬ የሚሠራ ሰውም የለም።

ታዲያ ከባሌ አፍ የሚወጣው ምንድን ነው?

ቅናቴ በአንድ አፍታ ጠፋ። በምትኩ ፍርሃት መጣ። ለማርቆስ ደወልኩ። አያነሳም። ደግሜ ደወልኩ። ለጋሽ ግርማ ደወልኩ።

"አንቺ ልጅ ስልክ አትዝጊብኝ!" ብሎ ጮኸ ገና ሲያነሳ። "ሃና ማርያም ነን! መኪናውን ጥግ አስያዘና መሪው ላይ ድፍት አለ። ተሳፋሪው ሰክሯል ብሎ ወርዷል። ትራፊክ መጥቶብናል፣ ድረሺ!"

ጫልቱ የሰማችውን ሰምታ አንድ ጠርሙስ ማንጎ ጁስ ከፍሪጅ አወጣች፤ ጎረቤቷን "ቤቱን እይልኝ" ብላ ሽርጧን ሳትፈታ ተከተለችኝ። ባጃጅ ውስጥ ገባን። ባጃጁ የሚሄድ አልመስልሽ አለኝ፤ ወርጄ ብገፋው ደስ ባለኝ። "ንዳው እንጂ!" እለዋለሁ። ጫልቱ ጉልበቴን ይዛ "ይደርሳል፣ ይደርሳል" ትለኛለች።

ሃና ማርያም ስንደርስ ታክሲው በሰው ተከቧል። ማርቆስን ከመሪው ላይ አንስተው ጋቢናው ላይ አጋድመውታል። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። የሚተነፍሰው ዳገት በሩጫ እንደወጣ ሰው ነው፤ ጥልቅ አድርጎ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ያለ ማቋረጥ። ጠራሁት። ዓይኑን ገለጥ አድርጎ አየኝና መልሶ ከደነው።

"ምንድን ነው የጠጣው?" አለኝ ትራፊኩ።

"እሱ? መጠጥ አፉ ገብቶ አያውቅም!"

"እህቴ፣ ይሸታል እኮ።"

"ይሸታል! እኔንም እዚህ ያደረሰኝ ሽታው ነው!"

ጎንበስ ብዬ አፍንጫዬን ወደ አፉ አስጠግቼ ትንፋሹን ሳብኩት። እንጆሪ፣ የበሰለ ኮክ። በዚህ ቅርበት ግን ከሥሩ ሌላ ነገር አለበት። ከሱቄ ጎን ጥፍር የምትሠራ ልጅ አለች፤ የጥፍር ቀለም የምታስለቅቅበት አሴቶን ግድግዳ አልፎ ይመጣብኛል። እሱ ነው። ኮክ ላይ አሴቶን ጠብ ያደረጉበት ይመስላል። አየር ባስወጣ ቁጥር ይመጣል፤ ወደ ውስጥ ሲስብ ይጠፋል። ከላዩ አይደለም፣ ከውስጡ ነው።

"ስኳሩ ወርዶበት ነው! ጣፋጭ ስጡት!" አለ ከሰዉ መሀል አንዱ። ሌላውም ተቀበለው። "አዎ፣ ለስላሳ ግዙለት!" ጫልቱ ጠርሙሱን ከፍታ ሰጠችኝ። እኔም የማርቆስን ጭንቅላት ደግፌ ከንፈሩ ላይ አደረስኩት። ማንጎው ሸተተኝ፤ በዚያው ቅጽበት የእሱ ትንፋሽ ሸተተኝ። ሁለቱ ሽታዎች አፍንጫዬ ላይ ሲገናኙ እጄ ቆመ። ይህ ሰው ሳምንታት ሙሉ ጁስ ሲጠጣ ከርሞ፣ ስኳር ሲያስጨምር ከርሞ፣ እንዴት ጣፋጭ ያንሰዋል? ያነሰው ሰው ውስጡ እንዲህ ይሸታል?

ጠርሙሱን መለስኩ።

"ምን ሆንሽ? ስጪው እንጂ!"

"አልሰጠውም።"

"ሚስት ናት ጠላት?" አለች አንዲት ሴትዮ። "ቀሙና ስጡት!" አለ ሌላው። እጅ ሲዘረጋ አየሁ። ጠርሙሱን አስፋልቱ ላይ ደፋሁት። የማውቀው ነገር ኖሮ እንዳይመስላችሁ፤ ስለ በሽታ የማውቀው አልነበረም። ተሳስቼ ቢሆንና እጄ ላይ ቢቀር፣ ያ ሁሉ ሰው ይመሰክርብኝ ነበር።

ትራፊኩ ማርቆስንም እኔንም አፈራርቆ አየን። ጫልቱ "ወንድሜ፣ ይሄ ሰው ጴንጤ ነው፣ አይጠጣም፤ ታሟል በናትህ!" አለችው። ከዚያ በኋላ ሰውየው ጊዜ አላጠፋም። ከኋላ ከቆመው ታክሲ ሹፌሩን ጠርቶ "መሪውን ያዝና ጤና ጣቢያ አድርሰው" አለ፤ እሱ ራሱ መሀል መንገድ ገብቶ መኪናዎቹን አቆመልን። ጋሽ ግርማ በመስኮት ወገቡ ድረስ ወጥቶ "አሳልፉን! በሽተኛ ነው! አሳልፉን!" እያለ በዚያ ጡሩንባ ድምፁ መንገዱን ከፈተው። ዕድሜ ልኩን ሰው ሲጠራ የኖረበት ድምፅ ያን ቀን ሰው ሲበትን ዋለ።

ጤና ጣቢያው በር ላይ የተቀበለችን ነርስ ማርቆስ ላይ ጎንበስ አለችና ቀና ስትል ፊቷ ተለውጧል።

"የስኳር በሽታ አለበት?"

"የለበትም።"

"ውኃ ያበዛል?"

"አዎ።"

"ሌሊት ለሽንት ይነሳል?"

"...አዎ።"

"ከስቷል?"

በባሌ ላይ የሰበሰብኩት ክስ ሁሉ አንድ በአንድ የበሽታ ምልክት ሆኖ ከአፏ ወጣ። ቀበቶው፣ ጆኩ፣ ሌሊቱ፣ ያልበላው ራት። ጣቱን ወግታ ደሙን ትንሿ ማሽን ላይ አደረገች። ማሽኗ ቁጥር አላወጣችም። "ከምታነበው በላይ ሆኖባት ነው" አለች ነርሷ። "ጣፋጭ ሰጥታችሁታል? ጁስ፣ ለስላሳ?"

"አሁን አልሰጠሁትም" አልኩ። "ሊሰጡት ነበር፤ እኔ ደፋሁት።"

"እሰይ" አለች፣ ክንዱ ላይ ደም ሥር እየፈለገች። "እሰይ።"

አምቡላንስ ተጠርቶ ሆስፒታል ገባን። የዚያን አመሻሽ ነገር ብዙም አላወራም። እኔ ኮሪደሩን ከዳር ዳር እመላለሳለሁ፤ ጥበቃው "እህቴ፣ ቁጭ በይ" ይለኛል፤ እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ። ጫልቱ ሽርጧን እንደታጠቀች ወንበሩ ላይ ናት። ልሰድባት የሄድኩባት ሴት ናት እንግዲህ። የጠረጠርኩባትን ሁሉ ነገርኳት፤ ዝም ብዬ መቀመጥ ስላልቻልኩ ነው የነገርኳት። አየት አደረገችኝና "እኔም ብሆን እጠረጥር ነበር፤ ባልሽ እኮ በቀን ሦስቴ አራቴ ነው ቤቴ የሚመጣው" አለች። ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን፤ ሳቁ እኔ ጋ ሲደርስ ለቅሶ ሆነ።

ሐኪሙ ወጥቶ ያስረዳኝ በቀላል አማርኛ ነው። ማርቆስ ሳያውቀው ስኳር ይዞታል። ሰውነቱ ስኳሩን መጠቀም ስላቃተው የራሱን ስብ ሲያነድ ከርሞ ደሙ ውስጥ አሲድ ተጠራቅሟል። ያ የፍራፍሬ ሽታ የዚያ ነው። ብዙ ሰው ሽታውን መጠጥ ነው ብሎ ያልፈዋል አለኝ። "ዛሬም ጨጓራ ነው ብሎ ቤት ተኝቶ ቢሆን ኖሮ..." አለና ቀሪውን ሳይናገር ትከሻዬን ነካ አድርጎኝ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ማርቆስ ዓይኑን ገለጠ። መጀመሪያ ጣራውን፣ ከዚያ እኔን አየ።

"ጋሽ ግርማ የት አለ? መኪናውስ?"

"ሁሉም ደህና ነው።"

"አንቺስ ሃና ማርያም እንዴት ተገኘሽ?"

"ፉሪ ሄጄ ነበር።"

"ምን ልታደርጊ?"

"ጁስ ልጠጣ።"

ብዙ አየኝ። ዝምተኛ ሰው ሞኝ እንዳይመስላችሁ። ቀስ ብሎ ፈገግ አለ፤ የተሰነጠቀው ከንፈሩ ሲያመው መልሶ ሰበሰበው።

"ማርቆስ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሌሊት ሽንት ቤት ስትሄድ ስልክህን ለምን ትይዛለህ?"

"ለመብራቱ ነዋ። የግቢው አምፖል ከተቃጠለ ስንት ጊዜው? ለአከራዩ ንገሪ ብዬሽ አልነበር?"

ብሎኝ ነበር። ጎንበስ ብዬ ፊቱን ሳምኩት፤ እዚያው ቆየሁ፤ አሸተትኩት። እንጆሪ የለም። ኮክ የለም። ያደረ ላብ፣ የሆስፒታል ሳሙና፣ ከፀጉሩ ሥር ትንሽ ናፍጣ። እሱ ነው። ባሌ ነው። እዚያው አንገቱ ሥር ተደፍቼ አለቀስኩ፤ እሱ "ምን ሆንሽ? ደህና ነኝ እኮ" ይለኛል።

ይህ ከሆነ ቆይቷል። ማርቆስ መርፌውን ራሱ ይወጋል፤ መኪናው ውስጥ ምሳውን በሰዓቱ ይበላል፣ ካልበላ ጋሽ ግርማ ይጮህበታል። ጫልቱ ጋ ዛሬም ይገባል። አቮካዶ ያለ ስኳር ትሰጠዋለች፤ "ስኳር ከተውክ ወዲህ ልታከስረኝ ነው" እያለች ትቀልድበታለች። እኔና እሷ ወዳጆች ሆነናል። ኬኳን አሁንም እሸጣለሁ፣ ገበያዋ አልቀዘቀዘም። ሽቶዋ ምን አደረገች? እኔ ራሴ ግን አልቀባትም። ገና ስትረጭ ያለችውን እንጆሪ ሳሸታት እስከ ዛሬ ልቤ ይመታል፤ እስኪለቅ ድረስ በር ላይ ወጥቼ እቆማለሁ።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ቤታችሁ ውስጥ ያለውን ሰው እስኪ ጠጋ ብላችሁ አሽትቱት። ሽቶውን አይደለም የምላችሁ፣ ትንፋሹን። ሰው ውኃ ሲያበዛ፣ ሲከሳ፣ ሌሊት ሲመላለስ "ጨጓራ ነው" ሲላችሁ እሺ ብላችሁ አትቀመጡ። እኔ መቀመጥ የማልችል ሆኜ መፈጠሬን ዕድሜዬን ሙሉ ሲረግሙት ሰምቻለሁ። ያን ቅዳሜ ግን ሱቄ ውስጥ አርፌ ብቀመጥ ኖሮ ባል አልነበረኝም። የወጣሁት በክፉ ሐሳብ ነው፤ ቢሆንም ወጣሁ።

አሁን ቤታችን አንድ ልማድ አለን። ጠዋት ማርቆስ ከመውጣቱ በፊት በር ላይ ይቆምና ፊቴ ላይ "ሃ" ብሎ ይተነፍስብኛል። የግቢው ሰው ይስቅብናል። ዛሬ ጠዋትም መጣና "ሃ" አለ።

"ምን ምን እላለሁ?"

"ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ትላለህ" አልኩት። "ሂድ፤ በሰላም ግባ።"